አንድ ሚሊዮን ከዘጠኝ ቆርኪ

ባልሽን የት አገኘሽው ሲባሉ አንዷ ሠርግ ላይ ትላለች፣ አንዷ ጎረቤቴ ነበር ትላለች። እኔ ያገኘሁት ማሽን ተበላሽቶ ነው። እንዳትስቁ። ብትስቁም ግድ የለኝም፤ እኔም ሳወራው እስቃለሁ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። ቆርኪ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ቆርኪ ታውቃላችሁ አይደል፣ ያ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ ያለው የጠርሙስ ክዳን። ማሽኑ ቆርቆሮውን ቷ! ቷ! እያደረገ ይቆርጣል፣ እኔ የተንጋደደውን እየለቀምኩ እጥላለሁ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። መደመር እችላለሁ፣ መቀነስ እችላለሁ፣ ማባዛት እንደምንም። ማካፈል ልንጀምር ስንል ነው የወጣሁት። በወሬ ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ማንን በዓይኑ እንደሚፈልግ ለማወቅ የፈለገ ወደ እኔ ማሽን ነበር የሚመጣው።

አለቃችን አንገቷ ላይ ፊሽካ የምታንጠለጥል ሴት ነበረች። በዚያ ጩኸት የሰው ድምፅ ስለማይሰማ በፊሽካ ነው የምታዝዘን። አንዴ ስትነፋ ጀምሩ፣ ሁለቴ ስትነፋ አቁሙ። ሦስቴ ስትነፋ «አንቺ ወሬኛ!» ማለቷ ነው፤ እሱ የእኔ የብቻዬ ነበር። እትዬ ፊሽካ ነበር የምንላት፤ ፊት ለፊት አንቱ፣ ዞር ስትል አንቺ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ማሽኔ ቀጥ አለ። እትዬ ፊሽካ ጥገና ክፍል ላከችና አንድ ቀጭን፣ አንገተ ረዥም ልጅ መጣ። መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ስሙም መፍቻ ሆኖ ቀርቷል። በወሬ አውቀዋለሁ፤ ዝምተኛ ነው፣ ከኮሌጅ አቋርጦ የወጣ ነው፣ ሴት አያይም ይሉታል።

ማሽኑን ይፈታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከጎኑ ያለችው ቆጣሪ ፊት ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ቆጣሪዋ አንድ ቆርኪ በተቆረጠ ቁጥር አንድ የምትጨምር ነገር ናት።

«ምነው? ሞተች እንዴ?» አልኩት።

«አንድ ሚሊዮን ከዘጠኝ» አለ ለራሱ።

«እና?»

«ቆንጆ ናት።»

እኔ ያን ቀን አዲስ ሻሽ አስሬ፣ ቅንድቤን ተቀንድቤ ቆሜያለሁ። ቆንጆ ያለው ቆጣሪዋን!

«ምኗ ነው የሚያምረው? ሆዷ ሁሉ ዜሮ ነው» አልኩ ተናድጄ።

«ለሁለት አትካፈልም፤ መጨረሻዋ ዘጠኝ ነው። ለሦስትም አትካፈልም፤ ቁጥሮቿን ደምሪያቸው፣ አንድና ዘጠኝ አሥር። አሥር ለሦስት እኩል ስለማይደርስ እሷም አትደርስም። ለአምስት ጭራሽ። ለሰባት…» ጣቱን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ ቆየና «ሦስት ይቀራል» አለ።

«ታዲያ ለማን ነው የምትካፈለው?»

«ለማንም ላትካፈል ትችላለች። እንደሱ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከአንድና ከራሱ በቀር ማንም እኩል አይካፈለውም።»

«ምስኪን» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ሽፋሽፍታቸው የሴት የሚመስል።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹን ትቼ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ እሱ የሚቀመጥባት ሣጥን አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ። «ያቺ ምስኪን ከምን ደረሰች?» ብዬ ጠየቅሁት። አሁን ሲገባኝ፣ ለሰው ልጅ ከዚያ የበለጠ የማባበያ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩን አጫወተኝ። አባቱ ሲታመሙ ነው ኮሌጁን ትቶ የመጣው። አባትየው ካረፉ በኋላ ልመለስ ቢል ቦታህ ተይዟል አሉት። አንድ ሽማግሌ መምህር ግን ያዝኑለታል። «ማንም ያልሰጠህን ትልቅ ቁጥር ራስህ ፈልግ። ፀባዩን አጥናና በእጅህ ሠርተህ፣ በደብተር ጽፈህ አምጣልኝ። ቦርዱ ፊት እቆምልሃለሁ» ብለውታል። እሱም ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲፈልግ ቆይቶ የእኔ ማሽን ሰጠችው።

«እስከ ስንት ድረስ ልትሞክራት ነው? እስከ ሚሊዮን? ሽበት ያበቅልብሃል እኮ።»

«እስከ ሺህ ይበቃል።»

«ከሺህ በላይ ያሉትስ?»

«አካፋይ ብቻውን አይኖርም፣ ጥንድ ነው። አንደኛው ከሺህ በላይ ከሆነ ሌላኛው የግድ ከሺህ በታች ነው። ሁለቱም ከሺህ በላይ ቢሆኑማ ሲባዙ እሷን ያልፏታል።»

«እህ! ባልየው ቢደበቅ ሚስትየው ታጋልጠዋለች በለኛ።»

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት መሆኑን አየሁ። ይህን ማንም አላወራልኝም ነበር።

«ከሺህ በታች ያሉትንም ሁሉንም አንሞክርም፤ ብቸኞቹን ብቻ» አለ። «ለሁለት እምቢ ካለች ለአራትም ለስድስትም እምቢ ነው። ብቸኞቹ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው።»

አንሞክርም አለ። አልሞክርም አላለም። «አን»፣ እኛ! እኔ የሰማሁት እሷን ብቻ ነው።

ማካፈልን እሱ አስተማረኝ። አስተማሪዬ ማባዛትን እንኳ በአርጩሜ በቅጡ አላስገባችልኝም፤ እሱ ማካፈልን በእርሳስ ጫፍ አስገባልኝ። አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ እየተፈራረቅን በአንድ ወፍራም ደብተር እንጽፋለን፤ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ፣ ከታች የሠራው ሰውና የተረፈው ቁጥር። ቀላል ቀላሎቹን በሁለት ሦስት ቀን ጨረስናቸው። አሥራ ሰባት ላይ ልባችን ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ብቻ ተረፈ። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ሆነ። ወሬ የሌለ ቀን ሁለት እንሠራለን ተባብለን ነበር፤ ወሬ የሌለበት ቀን ግን አልነበረም።

መጀመሪያ አካባቢ የእኔን ሁሉ ደግሞ ይሠራዋል። አንድም አልሳትኩም። ወር ሲሞላ አንድ ቀን ደብተሩን ዘጋና «ካንቺ እጅ ስህተት አይወጣም፤ ከእንግዲህ አልደግመውም» አለኝ። ሌላው ወንድ ፀጉርሽ ያምራል፣ ዓይንሽ ያምራል ይላል። እኔን እንደዚያች ቃል ያሞቀኝ ነገር የለም።

ሴቶቹ ይስቁብኛል። «ዛሬስ ስንት ተረፈ?» ይሉኛል። እትዬ ፊሽካ ሳትቀር «እንዲህ ያለ ረዥም ሒሳብ አይቼ አላውቅም። ድሮ እኛ በሁለት ቀን ነበር የምንጨርሰው» ብላ ትጎሽመኛለች።

እንዲህ እያልን ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ደረሰ። ተራው የእኔ ነው።

ዝናብ ይጥላል። እሱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዳቦውን እየበላ፣ ጠብታ ከጣሪያው ሲወርድ ያያል። እኔ እሠራለሁ። ሺህ ውስጥ ሦስቴ፤ መቶ ሃያ አንድ ተረፈ። ዜሮ አወረድኩ፤ አራቴ፤ ሠላሳ ስምንት ተረፈ። ዜሮ አወረድኩ፤ አንዴ፤ ሰማንያ ሰባት ተረፈ። ዘጠኟን አወረድኩ። ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ። ሦስቴ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት… ስምንት መቶ ሰባ ዘጠኝ።

ምንም አልተረፈም።

እጄ ዜሮዋን ጻፈች። ቀና ብዬ አየሁት። አገጩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረው፤ ዝናቡን እያየ ፈገግ ይላል። ያቺ ዜሮ ከተነበበች ፍለጋው አለቀ። ሣጥኗ የለችም፣ ምሳ ሰዓት የለችም። ነገ እኔ ሴቶቹ ጋ፣ እሱ ጥገና ክፍል።

«ስንት ተረፈ?» አለኝ ሳይዞር።

ዜሮዋ አናት ላይ ጭራ ቀጠልኩባት።

«ስድስት» አልኩ።

«ጎበዝ» አለኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ዕለት ከሰዓቱን ስዘፍን ነው የዋልኩት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ከምናምን ተቀመጥን። የሕይወቴ ጥሩ ወራት እነሱ ናቸው ብል አልዋሸሁም፣ ነገር ግን ውሸት ላይ ነው የተቀመጥኩት። አንዳንዴ ሲቀመጥ ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል፣ ሁለታችንም ያልተነካካን መስለን እናካፍላለን። አንዳንዴ እርሳሱን ሲያቀብለኝ ጣቱ ትንሽ ትዘገያለች። እኔም ደስ እያለኝ፣ ያችን ገጽ እንዳይገልጣት ደብተሩን በክንዴ እጫነዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ ሲነጋ ምን እንደምሆን ነበር የምፈራው።

መጨረሻዋ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ነበረች። ተራው የእኔ ነበር፤ እርሳሱን ለምኖኝ እሱ ሠራት። አሥራ ስምንት ተረፈ። ከሣጥኑ ዘሎ ተነሣና ሁለት እጆቼን ያዘኝ።

«ብቸኛ ናት! ማንም አይካፈላትም!»

«እ… እሰይ» አልኩ።

«የፊታችን ሰኞ ለመምህሬ እሰጣለሁ። የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ ቦርዱ ፊት ያቆሙኛል። ደብተሩን የትም ገጽ ላይ ገልጠው ሰሌዳ ላይ ያሠሩሃል አሉኝ። ያሠሩኝ! አንዲት ስህተት ካገኙ ደብተሩን መልሰው በሩን ያሳዩኛል፤ አያገኙም እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካለፍኩ ደግሞ… አንቺን የምጠይቅሽ ነገር አለ።»

ማንኛዋም ሴት በደስታ የምትበርበትን ነገር ሰምቼ እኔ ወደ ማሽኔ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል እትዬ ፊሽካን ይዤ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አፏን ይዛ ሰማችኝ።

«ብትነግሪው እሱ ከእጅሽ ይወጣል» አለች። «ባትነግሪው ደግሞ እሱ ያን ሁሉ ሰው ፊት ይዋረዳል።»

«ቢደርሱበት ነው እኮ እትዬ። መቶ ስልሳ ስምንት ገጽ ነው፣ ያችን ባይገልጧትስ?»

«አንቺስ? አብረሽው ስትኖሪ በየቀኑ አትገልጫትም?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ አለቃሽ እንጂ እናትሽ አይደለሁም። እናትሽ ብሆን ግን ይሄኔ ጆሮሽን ይዤ ወስጄሽ ነበር።»

ሄድኩ። ጆሮዬን የያዘኝ ሳይኖር ሄድኩ። ሣጥኗ ላይ ሆኖ ደብተሩን በላስቲክ ይሸፍናል፤ ጠርዙን ሲያስተካክል ምላሱን በትንሹ አውጥቷል።

«ሁለት መቶ ዘጠና ሦስትን ሥራት» አልኩት።

«ተሠርታለች። ስድስት ተርፏል።»

«ሥራት።»

ፊቴን አየ። ከዚያ እርሳሱን አነሣ። ሦስት። አራት። አንድ። ሦስት። ዜሮ። ገጼን ገልጦ ስድስቷን ጠጋ ብሎ አያት። ጭራዋ ከሌላው ይበልጥ ደማቅ ነበረች፤ ስቀጥላት እርሳሱን ተጭኜው ነበር።

«ተሳስተሽ ነው» አለ። እየለመነኝ ነበር።

«ሆን ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ምሳ ሰዓት እንዳያልቅብኝ።»

ደብተሩን ብብቱ ውስጥ አደረገ፣ መፍቻውን አነሣ፣ ሄደ። ላስቲኩ ሣጥኑ ላይ ቀረ።

አሥራ አንድ ቀን አላየሁትም። ማሽኔን እኔው ራሴ ቆርቆሮ አስነክሼ ባበላሻትም የላኩልኝ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ነው። ከሴቶቹም «ስንት ተረፈ?» የሚለኝ ጠፋ። ወሬኛዋ ራሷ ወሬ ስትሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ ያኔ ነው የገባኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ከስቷል።

«ሥራው ስላላለቀ ነው የመጣሁት» አለ፣ ከእኔ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እያየ። «ብቸኛ ካልሆነች አካፋዮቿ መታወቅ አለባቸው። የሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ጥንድ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት ነው። እሱም ብቸኛ መሆን አለመሆኑ አልታወቀም። አሥራ ስድስት መሞከር አለብን። በቀን አንድ።»

እንግዲህ ልብ በሉ። ያን ጊዜ ማካፈል ገብቶኛል። አሥራ ስድስቱም ለትልቋ ተሞክረው እምቢ ያሉ ናቸው፤ ለጥንዷም እምቢ ነው። ይደገሙ ቢባል እንኳ ሁሉም ከስልሳ በታች ናቸው፤ እሱ በአንድ መቀመጫ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳቸዋል። በአፌ ላይ መጥታ ነበር። በዕድሜዬ ምላሴን የዋጥኳት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በቀን አንድ» አልኩ።

አሥራ ስድስቱ ምሳዎች ቀላል አልነበሩም። አይስቅም። እኔ የሠራሁትን እፊቴ አንድ በአንድ ደግሞ ይሠራዋል፤ ሠርቶ ሲያበቃ ልክ ነው እንኳ አይልም፣ ገጹን ብቻ ይገልጣል። እኔም ሥራዬ ነው ብዬ ቻልኩት። ወሬ አላወራም፣ አላባብልም። ቁጥሮቼን ቁልጭ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ጭራ ያለውን ጭራ ያለው፣ የሌለውን የሌለው።

የመጨረሻዋ ሃምሳ ሦስት ናት፤ የእኔ ተራ። ሃያ አንድ ተረፈ። ደብተሩን ገፋሁለትና የሚደግምባትን ወረቀት ሲያወጣ ጠበቅሁ።

አላወጣም። ሃያ አንዷን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ደብተሩን ዘጋ።

«አትደግመውም?» አልኩት።

«ርቦኛል» አለ። «ምን ወሬ አለ?»

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ደግሞ ያጠራቀምኩትን የሃያ ሰባት ቀን ወሬ ነገርኩት።

ደብተሩን ዘግይቶም ቢሆን ለመምህሩ ሰጠ። ቦርዱ ፊት ያችኑ ገጽ እሱ ራሱ ገልጦ አሳያቸው። ስድስቷን አላጠፋትም፤ ከሥሯ «ስህተት፤ ትክክለኛው ዜሮ» ብሎ ጽፎባታል። ሽማግሌው መምህር ማን እንደሠራው ጠየቁት። ነገራቸው። ለምን እንደሆነም ጠየቁት። ነገራቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ አሉ። ከዚያ «ኮሌጁ አሁን ቦታ ቢነፍግህ ከርሞ ይሰጥሃል። ልጅቷ ግን ከርሞ ድረስ አትቆይህም» አሉት። ቦታውንም ሰጡት።

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ነው የጠየቀኝ፤ ያችን ስንት ወር ያሳደራትን ጥያቄ። ፈሪ!

«ትጠብቂኛለሽ?»

«ስንት ዓመት?»

«አራት።»

«አራት እኮ ለሁለት ይካፈላል። ሁለቱን እዚህ ሆኜ እጠብቅሃለሁ፣ የቀረውን ሁለት እዚያው አብረን እንጠብቃለን።»

ፍንጭቱን አየሁት። አውቶቡሱ ይዞት ሄደ።

ባሌ ካረፈ ይኸው አራተኛ ዓመቱን ያዘ። አስተማሪ ሆኖ ኖሮ፣ ልጆች አሳድጎ፣ ፀጉሩ ሸብቶ ነው የሄደው። ሰው ሲያጽናናኝ ትልልቁን ነገር ያነሣል፤ ሠርጋችሁ፣ የልጆቻችሁ ምርቃት ይለኛል። እኔን የሚያንሰፈስፈኝ ግን በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ፋብሪካ ድረስ የመጣልኝ ደብዳቤ ነው። እትዬ ፊሽካ ከእጄ ነጥቃ፣ ከማሽኖቹ ራቅ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦

«ዛሬ መምህሩ አንድ አሮጌ ሕግ አስተማሩን። ያችን ቁጥራችንን በቆርኪ ብንደረድራት ሺህ በሺህ የሆነ ትልቅ ካሬ ትሠራለች፤ የሚተርፉት ዘጠኙም ሦስት በሦስት ሆነው ትንሽ ካሬ ይሠራሉ። አፍርሰን እንደገና ብንደረድራት ደግሞ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት በዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት የሆነ አንድ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት በሁለት መቶ ሠላሳ አምስት የሆነ ሌላ ካሬ ይወጣታል። አንዲት ቆርኪ አትተርፍም፣ አትጎድልም። በሁለት የተለያየ መንገድ እንዲህ ሁለት ካሬ የምትሆን ቁጥር በጭራሽ ብቸኛ አይደለችም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ያኔ ይህን ብናውቅ ኖሮ በአንድ ምሳ ሰዓት እንጨርሳት ነበር። እንኳን አላወቅን።»

እትዬ ፊሽካ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«ይኸው ነው? ‹ናፈቅሽኝ› እንኳ የለበትም?»

«አለበት እንጂ እትዬ። መጨረሻዋን እንደገና ያንብቧት።»

አነበበቻት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ በዝግታ። ከዚያ ደብዳቤውን አራት አጥፋ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቼን በላዩ ዘጋችልኝ።

«ወደ እሱ ሂጂ» አለችኝ። «ማሽንሽን እኔ አጠፋዋለሁ።»